የሰርግ ቀን ፎቶ ሊስት እንዴት ይወጣል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምትሞሸሩ ዝርዝር መመሪያ

እህቴ ደብረ ብርሃን ስትዳር ከ1000 በላይ ፎቶ ተነስቷል። ቬሎው ከፊት ከኋላ፣ ጫማው፣ አበባው፣ መኪናው፣ ሚዜዎቹ ሲዘሉ፣ ምኑ ቀረ። አያታችን ግን ፊቷ የሚለይበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያላት፣ እሱም ከኋላ ወንበር ላይ ሆና በሁለት ሰው ትከሻ መሃል ነው። በሁለተኛው አመት አረፈች። ለአርባዋ ፎቶ ስንፈልግ የመታወቂያዋን አስፍተን ነው ያሳጠብነው። ካሜራማኑ ላይ መፍረድ አልችልም፣ እሱ በምን ያውቃል፣ ከዛ ሁሉ ሰው ውስጥ ማን ማን እንደሆነ የነገረው የለም፣ እኛም በዝርዝር የጻፍነው ነገር አልነበረም።

ከዛ ወዲህ እኔም ካሜራ ይዤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መንዝ ድረስ ሰርግ አንስቻለሁ፣ እና ሙሽሮች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ፖዝ አይደለም፣ ስለ ሰው ነው። እዚህ የምጽፈው ለሙሽሮች ነው፣ ለሚያነሱም ይሆናል። ፎቶግራፈር ብትቀጥሩም የአጎታችሁ ልጅ በስልኩ ቢያነሳላችሁም ስራው ያው ነው።

1. ከሰው ጀምሩ

ሰርጉ ሶስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ ደብተር ይዛችሁ ከእናታችሁ ጋር ቁጭ በሉ። እናት ቢዚ ከሆነች አክስት፣ ዋናው ነገር የቤተሰቡን ዘር ቆጥራ የምታውቅ ሴት መሆኗ ነው። ቡና ይፈላ፣ ጊዜ ይኑራችሁ። ከዛ ስም ጻፉ፣ ዝም ብሎ "ቤተሰብ" ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፣ "የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከሰላ ድንጋይ የምትመጣው" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ስም ስትጽፉ አራት ነገር ጠይቁ። ከሩቅ የሚመጣ ማነው? ያረጀ ወይ የታመመ ማነው? ያሳደገ፣ ያስተማረ፣ ብር ሲጠፋ የደረሰ ማነው? የክርስትና እናትና አባትስ? እነዚህ ሰዎች ሰርጉ ላይ ጎላ ብለው አይታዩም፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው በልተው መርቀው ነው የሚሄዱት፣ ካሜራ ደግሞ የሚሄደው ወደሚጨፍረው ሰው ነው። ስለዚ ስማቸው ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ይቀራሉ፣ በቃ።

አምስተኛ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ እሱ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ ጓዳ ያሉት እነማን ናቸው? አንድ ሰርግ ለመደገስ ሴቶቹ ጌሾ ከሚወቀጥበት ቀን ጀምሮ ነው የሚለፉት፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ሽንኩርቱ ሌሊቱን ሙሉ ይከተፋል፣ እንጀራው ተጋግሮ ይደረደራል፣ የሰርጉ ቀን ደግሞ ከወጥ ቤቱ ጭስ አይወጡም። የሰርግ አልበም ገልጣችሁ እዩ፣ አንዳቸውም የሉበትም። እናታችሁ ራሷ ግማሹን ቀን እዛው ናት። ሊስታችሁ ላይ "የጓዳ ሴቶች፣ ከሙሽራዋ ጋር፣ ከጋኑ አጠገብ" ብላችሁ ጻፉ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሙሽራዋ በቬሎዋ ጓዳ ድረስ ገብታ ስታቅፋቸው የሚሆኑትን ሆነው አይቻለሁ፣ አንዷ ሙሽራዋ እንዳትቆሽሽ ብላ እጇን ሽቅብ ይዛ በክንዷ ብቻ ነበር ያቀፈቻት፣ ያ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

በዛው ማታ በዝግታ መነሳት ያለበት ሌላ ጉዳይ ደግሞ ማንን ከማን ጋር ማቆም እንደማይገባ ነው። የተፋቱ ወላጆች፣ በመሬት የተቋሰሉ ወንድማማቾች፣ በውርስ የተኳረፉ ይኖራሉ። ካሜራማኑ ይሄን ሳያውቅ "እናትና አባት ጠጋ በሉ እስቲ" ካለ የሰዉ ፊት ይጠቁራል። ቀድማችሁ ለየብቻ መድቧቸው፣ ሙሽራው ከእናቱ ጋር፣ ከዛ ከአባቱ ጋር፣ ማንም አይከፋውም።

አሁን ስሞቹን በቡድን አሰባስቡ። አንድ ቡድን ተጠርቶ ተሰብስቦ ተነስቶ እስኪበተን ሶስት ደቂቃ ያዙለት፣ 15 ቡድን ካላችሁ 45 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። 30 ቡድን ከጻፋችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ያንን የሚታገስ ባለሰርግ የለም፣ ወጡም ይበርዳል። ስለዚ የግድ የሆኑትን አስምሩባቸው፣ ከ12 እስከ 15 ባይበልጡ ጥሩ ነው፣ ሌላው ጊዜ ከተገኘ ይነሳል። ተራው ደግሞ ከሽማግሌ ይጀምር፣ ቆሞ መጠበቅ ለነሱ ነው የሚከብደው፣ ከዛ ህፃን የያዙ፣ ከዛ ሌላው ዘመድ፣ ጓደኞችና ሚዜዎች መጨረሻ።

2. ሰው የሚጠራ ሰው መድቡ

ከሙሽራው ወገን አንድ፣ ከሙሽራዋ ወገን አንድ። ሚዜ እንዳታደርጉ፣ ሚዜ ራሱ ፎቶ ውስጥ ነው ያለው፣ ደግሞም ሽቶ ይዞ መኪና ሲያሰባስብ ነው የሚውለው። ዘመዱን በስም የሚያውቅ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ግን ሰው የማያስቀይም ወጣት ፈልጉ። ሊስቱን ይዞ ከካሜራማኑ ጎን ይቆማል፣ አንዱ ቡድን ሲነሳ ቀጣዩን ይጠራል። "እትዬ ይምጡ ተራዎ ደርሷል፣ ጋሼ እርሶም" እያለ በአክብሮት ሲያመጣቸው ትልልቆቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚቆሙት። ካሜራማን ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል "አንቺ ወዲህ፣ አንተ ወደዛ" ሲል ግን ፎቶው ላይ የሚታየው ቅሬታቸው ነው።

3. ቀኑን በሰዓት ሳሉት

እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፎቶ ሊስት ከፕሮግራሙ ጋር ካልተያያዘ ምኞት ሆኖ ነው የሚቀረው።

እኛ ጋር ሰርግ በብዛት የሚሆነው ከጥር 11 ጥምቀት በኋላ አቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ነው፣ ጾሙ ቶሎ ሲገባ የካቲት 1 ሊሆን ስለሚችል አንዳንድ አመት ሰርጉ ሁሉ ሶስት ሳምንት ውስጥ ይታጨቃል፣ ጥሩ ፎቶግራፈር ከፈለጋችሁ ቀኑ እንደተቆረጠ ያዙት። ሌላው ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ነው። በጥር ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12፡45 አካባቢ ነው፣ የምትጠልቀው ማታ 12፡20 ገደማ። በግንቦት አጋማሽ ጠዋት 12፡05 አካባቢ ትወጣና ማታ 12፡35 ገደማ ትጠልቃለች። ይሄንን ፕሮግራማችሁ ላይ ጻፉት። ከቀትር በኋላ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳና ወርቅማ ነው፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ግን ከላይ ነው የሚወርደው፣ አይን ስር ጥቁር ጥላ ይሰራል፣ ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ጥለቱና ጥልፉ ይጠፋል። የቤተሰብ ፎቶ የግድ በቀትር ከሆነ ፀሐይ ላይ አታቁሟቸው፣ የቤቱን ጥላ ወይ የትልቅ ዛፍ ጥላ ፈልጉ፣ ጥላውም የተቆራረጠ ሳይሆን አንድ ወጥ ይሁን።

ጉዞ ስታሰሉ ደግሞ አትሳሱ። ሰርገኛ በተባለው ሰዓት ሲንቀሳቀስ አላየሁም፣ በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት ትርፍ አስቀምጡ፣ ያቺ ትርፍ ካልተበላች ለፎቶ ትሆናለች።

4. የማይደገሙትን ቅጽበቶች ለዩ

ኬክ እንደገና ሊቆረስ ይችላል፣ ቬሎ በማግስቱ ሊለበስ ይችላል። አንዳንዱ ነገር ግን አንድ ጊዜ ነው፣ ካሜራማኑም የት መቆም እንዳለበት ቀድሞ ማወቅ አለበት። በቀኑ አካሄድ ልሂድ።

ዋዜማው ማታ እንሶስላ ካለ የእጆቹ ፎቶ፣ ጓደኞቿ ከበዋት ሲዘፍኑ። ይሄን ብዙ ሰው ፎቶግራፈር አይቀጥርለትም፣ እህት ወይ ጓደኛ በስልክ ታንሳው፣ ግን መብራቱን ሁሉ አብሩት።

ጠዋት አለባበስ ላይ ክፍሉን አስተካክሉ። የሰው ቦርሳ፣ ፌስታል፣ ጫማ ከአልጋው ላይ ይነሳ፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ይቀመጥ፣ ሜካፑ እዛ ይሰራ። እናቷ ነጠላዋን ስታስተካክልላት ወይ አንገቷ ላይ መስቀሉን ስታስር አንሱ፣ እናት ለዚህ አስር ደቂቃ ከጓዳ ትውጣ ብላችሁ ሊስቱ ላይ ሰዓቱን ጻፉ።

ከዛ ጉልበት መሳም። ለኔ የሰርጉ እምብርት ይሄ ነው። ሙሽራው ከቤቱ ሲወጣ አባትና እናቱን ጉልበት ስሞ፣ "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ" ተብሎ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ችግሩ ሁሉም ስልኩን ይዞ ከፊት ይጋረዳል፣ ክፍሉም ጨለማ ነው። ስለዚ ወላጆች የሚቀመጡበትን ቦታ ከዋዜማው ምረጡ፣ ብርሃን ከጎን ከበር ወይ ከመስኮት እንዲመጣ አድርጉ፣ ወላጆች ጀርባቸውን ለመስኮቱ ከሰጡ ፊታቸው ይጠቁራል። ካሜራማኑ ሁለት ፎቶ ያስፈልገዋል፣ አንዱ ሙሽራው ዝቅ ሲል፣ ሌላው የወላጅ ፊት ሲመርቅ። ሁለተኛውን ነው ሁሉም የሚያመልጠው፣ ምክንያቱም ሌንሱ ሙሽራውን ተከትሎ ወደታች ይወርዳል። "የአባቴን ፊት" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ሙሽራዋ ቤት በር ላይ ሰርገኛው ታግዶ ሲከራከር፣ ሲዘፈን፣ ሚዜ ሽቶ ሲረጭ፣ እዛ ጋር አንድ ሰው ከውስጥ አንድ ሰው ከውጭ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ካሜራ አንድ ከሆነ ከውስጥ ይሁን፣ ሙሽራው ሲገባ የፊቱ ሁኔታና ሙሽራዋ ስታየው ያለው እዛ ነው የሚገኘው። ስትወጣ ስታለቅስ፣ አባቷ ሲሸኛት፣ ታናሽ ወንድሟ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ይሄን ከራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳት ይሻላል፣ ጠጋ ተብሎ እንባ አይነሳም። መንዝ ውስጥ ወይ ገጠር ከሆነ ሙሽራዋ በበቅሎ ልትሄድ ትችላለች፣ ያኔ ካሜራማኑ ቀድሞ መውጣትና ከመንገዱ ፊት መቆየት አለበት፣ ከኋላ ሆኖ ከሮጠ የሚያገኘው አቧራ ነው። ደግሞ በቅሎ ፊት ፍላሽ አይበራም፣ ትደነብራለች።

ዳስ ውስጥ ድፎው ሲቆረስ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ እስክስታው፣ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ካለ ሲያወድስ የሚወደሰው ሰው ፊት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ዳሱ ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚሆነው፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ፣ በኤዲት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ነጭ ሸራ ከተገኘ ነጭ አድርጉ፣ ካልተገኘም የሙሽሮቹን መቀመጫ ዳሱ ክፍት ከሆነበት ጎን አጠገብ አድርጉት፣ ጥልቅ ውስጥ አትቅበሩት።

መልሱን አትርሱ። የሰርጉ ቀን ሙሽሮች ደክሟቸዋል፣ ፊታቸው ተወጥሯል። መልስ ላይ ግን ካባ ወይ የሐበሻ ልብስ ለብሰው፣ ሹሩባዋን ተሰርታ፣ ዘመድ ዘና ብሎ ነው የሚገኘው። የሰርጉ ቀን ያልተነሳ ሰው ካለ የሚያዘው እዚህ ነው፣ ስለዚ ሊስቱን በማግስቱ አውጥታችሁ እዩት፣ ያልተሰመረበትን ስም ለመልሱ አስተላልፉ።

5. ቤተ ክርስቲያን

በተክሊል ወይ በቁርባን ከሆነ ይሄኛውን ክፍል ከሳምንት በፊት ጨርሱት። ሙሽሮቹ ወይ ወላጅ ከፎቶግራፈሩ ጋር ሆነው ሄደው ይጠይቁ፣ "መምሬ ይፍቱን፣ ፎቶ የሚያነሳልን ልጅ ይሄ ነው፣ የት ቢቆም ነው ሥርዓቱን የማይረብሸው?" እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኞቹ አባቶች ቦታውን ራሳቸው ያሳያሉ፣ ሳይጠየቁ ሲቀር ነው መሃል ላይ ካሜራ ዝቅ አድርግ የሚባለው። መቅደሱ አይነሳም፣ ጫማ ይወለቃል፣ ፍላሽ አይበራም፣ ካህናቱ መሃል አይገባም። ቅዳሴ ላይ ያለ ሰው ዙሪያ መራመድም ይረብሻል፣ አንድ ቦታ ይዞ መቆም ነው። ሊስቱ አጭር ይሁን፣ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው፣ አክሊሉ ሲደፋላቸው፣ ቀለበቱ፣ ሲወጡ እልልታው፣ ከካህናቱና ከዲያቆናቱ ጋር ደጁ ላይ። የጥር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ብርሃን የሚስብ ሌንስ፣ ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር f/1.8፣ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሙሽሮች ሥርዓቱ ጨርሶ እንዳይነሳ ይወስናሉ፣ እሱም ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ደጁ ላይ የሚነሳው ይበቃል።

ኒካህ ከሆነም ያው ነው፣ ሸሁን ቀድሞ መጠየቅ፣ የሴቶቹ ወገን ለብቻው ከሆነ ደግሞ እዛ የምታነሳ ሴት ፈልጉ።

6. ለሙሽሮቹ ፎቶ ቦታ መምረጥ

ሁሉም ሰው ተራራ ጫፍ ላይ መነሳት ይፈልጋል፣ እውነትም ሰሜን ሸዋን የመሰለ የት አለ፣ ግን አስሉት። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሰርጉ መሃል ወጥታችሁ ደርሳችሁ ተነስታችሁ ስትመለሱ ግማሽ ቀን ይበላል። አጼ ምኒልክ የነበሩበት ኮረብታ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ማየት ለፎቶ ወደር የለውም፣ ስለዚ እሱን ለመልሱ ማግስት አድርጉት እንጂ ለሰርጉ ቀን አትሞክሩት። ጣርማ በርም እንደዛው፣ ጉሙ ሲወጣ ሙሽሮቹን ብቻ ነው የምታዩት፣ ለአንዳንድ ፎቶ ያምራል፣ ገደሉን ለማሳየት አስባችሁ ከሆነ ግን ሌላ ቀን መሄድ ነው። እዛው ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የመኪና ዋሻ አፍ ላይ ደግሞ ቆማችሁ አትነሱ፣ የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና ይመላለስበታል፣ ቬሎ ለብሳ የምትሮጥ ሙሽራ ማየት አልፈልግም። ጓሳ ጭላዳውና ሳሩ ያምራል፣ ሩቅ ነው። የትም ብትሄዱ የዛን ሰሞን መንገዱ እንዴት እንደሆነ ከሹፌሮች ጠይቁ።

በቅርቡ ያለውን ግን ሰው ይንቀዋል። በጥር ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፣ የጭድ ክምሩ በ11 ሰዓት ፀሐይ ወርቅ ይመስላል። የባህር ዛፍ መሃል የምትሄድ ጠባብ መንገድ፣ የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳ፣ ሙሽራው በርኖስ ደርቦ፣ ሙሽራዋ ጋቢ ለብሳ፣ ይሄ ሁሉ ከቤታችሁ አስር ደቂቃ ነው። ከሳምንት በፊት በዛው ሰዓት ሄዳችሁ ብርሃኑን እዩት፣ የእርሻው ባለቤትም ይጠየቅ። ለሁለታችሁ ብቻ 40 ደቂቃ በቂ ነው፣ አጃቢ ሁሉ አይከተል፣ ሚዜዎች ራቅ ይበሉ፣ ሙሽሮች ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን አንድ ቃል ያወሩት እዛ ጋር ሊሆን ይችላል።

ድሮን የሚፈልግ ካለ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ያለ ፈቃድ የሚያመጣላችሁን አትቀበሉ።

7. ብርዱና ባትሪው

ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የጥር ንጋት ውርጭ ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፣ ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ ሰውነት አጠገብ መያዝ ነው። ከውርጭ ወደ ሞቀ ክፍል ወይ እንፋሎት ወዳለበት ወጥ ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ያወጣል፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ለትንሽ ጊዜ እንዲሞቅ መተው እንጂ በሸሚዝ መጥረግ አይደለም። ሙሽራው የሸዋ ሮቢት ልጅ ሙሽራዋ የደብረ ብርሃን ከሆነች ከ100 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ጠዋት የተንቀጠቀጠች ሙሽራ ከሰዓት በላብ ሜካፗ ይወርዳል፣ ስለዚ የፊት ፎቶዋን ከላይ ጨርሱ፣ የሜካፕ ባለሙያዋም ፓውደሯን ይዛ አብራ ትውረድ።

ዋዜማ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ባትሪ ከሁለት ቀን በፊት ይሞላ። ሜሞሪ ካርድ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ሁለት ሶስት ያዙ፣ ሁሉንም በአንድ ካርድ ላይ አታድርጉ።

8. ወረቀቱ

በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ገጽ ይጠቃለል፣ ከአንድ ገጽ ከበለጠ ማንም አያነበውም። በግራ ሰዓትና ቦታ፣ መሃል ላይ የሚነሳው፣ በቀኝ ጠሪው ማነው ከነስልኩ። ለምሳሌ "2፡30፣ የሙሽራው ቤት ሳሎን፣ ጉልበት መሳም፣ የአባትና የእናት ፊት" ይላል፣ ቀጥሎ "7፡00፣ ዳሱ ጎን ጥላው ስር፣ የቤተሰብ ቡድን 1 እስከ 14"፣ ቀጥሎ "8፡00፣ ጓዳ፣ ሴቶቹ"፣ ቀጥሎ "10፡45፣ አውድማው፣ ሁለቱ ብቻ"። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት የምትወዱት ፖዝ ካለ ሶስት አራት ብቻ በቴሌግራም ላኩለት፣ 60 ስክሪንሹት አትላኩ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያይ ፊት ለፊቱ ያለው ያመልጠዋል። ወረቀቱን በአራት ኮፒ አሳትሙ፣ ለፎቶግራፈሩ፣ ለቪዲዮው፣ ለሁለቱ ጠሪዎች። ቪዲዮና ፎቶ የሚሰሩት የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ቀድመው ይገናኙ፣ አንዱ በሌላው ፊት እየቆመ የተበላሸ ጉልበት መሳም ስንት አይቻለሁ።

9. ከሰርጉ በኋላ

በዛው ማታ ካርዱ ኮምፒውተርና ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፣ ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝ። ከዛ ሊስቱን ይዛችሁ ፎቶ ስትመርጡ መጀመሪያ የአዛውንቶቹን አውጡ፣ አልበሙ ሁለት ሶስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ የነሱን ግን በሳምንቱ ለብቻው አሳጥቡት። የጓዳ ሴቶቹንም እንደዛው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ከሰላ ድንጋይ የመጡት እማማ ቴሌግራም የላቸውም፣ ገበያ የሚወርድ ዘመድ ፈልጋችሁ በካኪ ፖስታ አሽጋችሁ ላኩላቸው።